ማን አበላው?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ሙቀቱ ይሆናል፤ የመጋቢት የባሕር ዳር ሙቀት ሰው አያናግርም። ጾሙም ይሆናል። ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስሁ ጀምሮ ዓይኔ ላይ የቀረው ያ ከበሮ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሻችን ጥግ፣ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ፣ ከተደራረቡት አግዳሚ ወንበሮች አጠገብ እንደ ታመመ ሰው ጋደም ብሏል። ስለ እርሱ ልጽፍ ነው የተቀመጥሁት።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሁዳዴ ሲገባ ከበሮና ጽናጽል ያርፋሉ፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ብቻ ይባላል። እኛም ከመጀመሪያው እሑድ፣ ከዘወረደ ዋዜማ ጀምሮ ከበሯችንን እንሸፍናለን። ከበሮው ሲሸፈን ልጆቹ ይሸሻሉ። ለጥምቀት መዝሙር ስናጠና ቦታ ጠቦ በመስኮት ያዩ የነበሩ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ቆጠርኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። የከበሮውን ምሥጢር ግን አንድ በአንድ በቃላቸው ያውቁታል። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩ ጌታ ሲገረፍ በሰውነቱ ላይ የወጣውን ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ ያስታውሳል። ጠይቋቸው፣ ሳይሳሳቱ ይነግሯችኋል። ምሳሌውን ትተው ድምፁን ወደዱት ብዬ ልቆጣ አሰብሁና ራሴን ታዘብሁ። እኔስ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ወደዚያ አዳራሽ የገባሁት ለምን ነበር? ጓደኛዬ መ. ትመስክር።

እንግዲህ ለአሥራ አንዱ አስተማርሁ። የዓመቱ ዕቅዳችን ላይ ጓደኝነት፣ አምልኮ፣ በእምነት መኖር የሚሉ ሦስት ርእሶች አሉ፤ ወረፋው የጓደኝነት ነበር። ዕለቱ ደግሞ መጻጉዕ ነው፤ አራተኛው የሁዳዴ እሑድ። ዳዊትንና ዮናታንን አላነሣሁም፤ በየዓመቱ ስለምናነሣቸው ልጆቹ ስማቸውን ሲሰሙ ማዛጋት ይጀምራሉ። ያነሣሁት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን ሰው ነው። «ልትድን ትወዳለህን?» ሲባል አዎን ወይም አይደለም ብሎ አልመለሰም። የመለሰው «ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ብሎ ነው።

ሰው የለኝም ስል አንዷ ከፊት «ልክ እንደ መሥሪያ ቤት!» አለችና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አልተቆጣሁም፤ እውነቷን ነው። እኛ አገር ሰው ጉዳዩን ሊያስፈጽም ሲነሣ ዘመድ ወዳጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ ሰው አለህ?» ብሎ ነው። ቀጥዬ በቅፍርናሆም የነበረውን ሽባ አመጣሁላቸው። እርሱን አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ፤ በሕዝቡ ብዛት መግቢያ ሲያጡ ጣራውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል ማርቆስ፤ የሕመምተኛውን ብቻ አይደለም፣ እምነታቸውን። «አያችሁ» አልኋቸው፣ «አንዱ አራት ሰው ነበረው፣ ሌላው አንድም አልነበረውም። ጓደኛ ማለት ጣራ የሚነድልልህ ነው።» ጥሩ አነጋገር ናት። ባለፈው ዓመትም ተናግሬያታለሁ።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። በሁዳዴ የባሕር ዳር ልጅ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? ከአዳራሹ ወጥተው መቶ እርምጃ ሳይራመዱ የሚጠበስ ቀረሶ ሽታ እየተቀበላቸው ልጆቹ አይፈረድባቸውም። መልሴን አዘጋጅቼ፣ ድምፄን አስተካክዬ፣ «ጠይቅ» አልሁት። እጁን ያነሣው ዘንድሮ የመጣው ልጅ ነው፤ ከዚህ በፊት ሁለት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበር። ድምፁን የሰማሁት ዛሬ ገና ነው።

«እትዬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማን አበላው?»

ዝም አልሁ። በየክፍሉ አንድ የማይጠፋ ልጅ አለ፤ ያቺ የኛዋ ፈጠን ብላ «እግዚአብሔር!» አለች።

«እርሱማ አዎ» አለ ልጁ፤ «በማን እጅ?»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ፤ ቀስ ብሎ፣ ወደ መሬት እያየ። አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ውሻው ይጮሃል፤ በሩ ገርበብ ይላል፤ በክፍተቱ እጅ ብቻ ይወጣል፤ እጁ ላይ አራት የታጠፈ ቁራሽ እንጀራ አለ። ፊታቸውን አያውቀውም። «እጃቸውን ባየው ግን እለየዋለሁ» አለ። «አንዷ አውራ ጣቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረባት። እኔ አሁን ሰው የለኝም ብል ያቺ ሴትዮ ትታዘበኛለች።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለሚቀጥለው እሑድ እመልሰዋለሁ» አልሁ። መምህር የሆናችሁ ሁሉ ይህቺን ታውቋታላችሁ።

ወደ ቤት በሐይቁ ዳር ዞሬ ነው የሄድሁት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ታና እንደ ልማዱ ይናወጥ ነበር፤ ለዚህ ነው ጀልባ ነጂዎቹ ወደ ገዳማቱ በማለዳ መሄድ የሚመርጡት። አንድ ሰው የደንገል ታንኳውን ጎትቶ ድንጋይ ላይ አቁሞ ሊያደርቀው ይታገላል። ደንገል ውኃ ከጠጣ ይከብዳል፤ በየጊዜው ፀሐይ ካላየ ሰውየውን ከነዓሣው ይዞት ይሰምጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ አንድ ምሳሌ አወጣለት ነበር፤ ጸሎት ፀሐይ ነው፣ ኃጢአት ውኃ ነው ምናምን ብዬ። ዛሬ ምሳሌ አስጠላኝ። ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ።

አባቶች ሲተረጉሙ፣ ያ የተፈወሰው መጻጉዕ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው እርሱ ነው ይላሉ። እኔ በየዓመቱ ትምህርቱን የምዘጋው በዚህ ነው። ልጆቹ «ውይ!» ይላሉ፤ ውለታ ቢስነትን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ዛሬ ግን የልጁ ጥያቄ አቋርጦኝ ሳልናገረው ቀረ። ሐይቁ ዳር ቆሜ ሳስበው ግን፣ ሰውየው ውለታ መርሳት የጀመረው በዓርብ አይደለም። ዳቦ ያቀረበለት ነበረ፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ወደ መመላለሻው ጥግ የሳበለት ነበረ፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ስንት እጅ አልፏል! ወደ ውኃው የሚከተው ስላጣ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ሰረዛቸው። እነርሱ ሰው አልነበሩም፤ ሰው ማለት ወደ ውኃው የሚያደርስ ነው። ጣራ የሚነድል ነው። ይህን ደግሞ ከማን እንደ ሰማሁት አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያልሁት፣ ዛሬ ጠዋት፣ ለአሥራ አንድ ልጆች።

በእርግጥ በሰውየው ላይ ልፈርድ አይገባኝም። ተኝቶ የኖረ እርሱ ነው። የጠገበ ሰው ሁልጊዜ ስለ ተሰጠው ዳቦ እንጂ ስላልተነሣበት አልጋ አያስብም። ግን፣ ግን።

መ.ን አነሣኋት አይደል? በ2000 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም ሲል፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ወደ ደሴቶቹ ሄደን ነበር። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ ወንዶቹ እዚያ ሲወርዱ እኛ ሴቶቹ አጠገቡ ካለው እንጦስ ኢየሱስ ቀረን። ወንዶቹ ቆዩብን። ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ አንድ ኩባያ ቆሎ ለሁለት እየቃምን፣ እኔና እርሷ ቃል ኪዳን የሚመስል ነገር ገባን። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለታችንም እንቅልፋሞች ስለነበርን በየእሑዱ በዘማሪዎቹ አለቃ ፊት መዋረድ ሰልችቶን ነበር። እናም ቀድማ የነቃችው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሌላዋ ቤት ትደውላለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ አስጩኻ ትዘጋለች። ካልተነሣ አይቆጥርም፤ ገንዘብ የለንም። ሳሎናችን ውስጥ በዳንቴል የተሸፈነው ስልክ በዚያ ሌሊት አንዴ ጮኾ ዝም ሲል ቤቱ በሙሉ ይነቃል። አባዬ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣም። ከመኝታ ቤቱ ሆኖ «ያቺ ልጅ ደውላለች፤ ተነሺ» ይላል። ቀድማ የነቃችው ሁልጊዜ እርሷ ነበረች፤ ይህንንም አሁን ስጽፈው ነው የታወቀኝ።

ባለፈው ዓመት አባዬ ሲያርፍ መ. አልመጣችም። አዲስ አበባ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነበር። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ የአውሮፕላኑንም ዋጋ ታውቃላችሁ፤ ሕፃንም ይዛለች። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ግን ሬሳ ሲወጣ ዞር ብዬ የፈለግሁት የእርሷን ፊት ነበር። በሚቀጥለው እሑድ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኾ ዘጋ። እንዴት እንደ ተናደድሁ! አባቴ ሞቶብኝ በአንዲት ጩኸት? ተሸክመው ያቆሙኝ ሌሎች ናቸው፤ የዕድሩ ሰዎች፣ ጎረቤቶቹ፣ ሌሎች ጓደኞቼ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ስለ መ. ሲጠይቀኝ «ደህና ናት መሰለኝ» እላለሁ። «መሰለኝ»ን ጠበቅ አድርጌ።

ስልኩ ግን በየእሑዱ ይጮሃል። አንድም እሑድ አልቀረም። ዛሬም ሌሊት ጮኾ ነበር። ጮኸ፣ ዘጋ፣ ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብሁ፣ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ፤ ማን እንደ ቀሰቀሰኝ አላሰብሁም። እንደ ዶሮ ጩኸት ቆጥሬው ነው የኖርሁት። ከዚያ አዳራሽ ገብቼ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ጓደኛ ማለት ጣራ የሚነድልልህ ነው አልሁ።

ይህ ሁሉ ግን ለልጁ መልስ አይሆንም። የጠየቀኝ ስለ መ. አይደለም። መጽሐፉም ማን እንዳበላው አይናገርም፤ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቼ ልሸኘው አልችልም። አንድ ተንኮል አሰብሁ። የሚቀጥለው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ ስለ ዳግም ምጽአት ነው የምንማረው። ማቴዎስ ሃያ አራትን ገልጬ፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ጦርነት ወሬ፣ ስለ በለሷ ምሳሌ እያስረዳሁ ሰዓቱን እፈጀዋለሁ፤ የመጻጉዕ ነገር በዚያው ይረሳል ብዬ መጽሐፉን ከፈትሁ። ቅጠሉን አንድ ጊዜ ገለጥሁ። ሃያ አምስት ላይ ወደቅሁ፤ «ተርቤ አብልታችሁኛልና»። አብልተው የነበሩት ደግሞ ራሳቸው አያስታውሱትም፤ «ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ነው የሚሉት። መጽሐፉን ዘጋሁት። ያ ልጅ ደግሞ ማቴዎስን በግእዝም ሳያውቀው አይቀርም።

አሁን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ቅድም ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ ስልኬን አንሥቼ የመ.ን ቁጥር ነካሁ። አንድ ጊዜ ጠራ። ዘጋሁት። ደስ አለኝ፤ ይገባታል ብዬ አሰብሁ፤ ምኑ እንደሚገባት ግን እንጃ።

ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆንሽ? እማዬ ደህና ናት?»

እናቴን እስከ አሁን እማዬ እንደምትላት ረስቼው ነበር። ልናገር የፈለግሁት ብዙ ነው። ስለ ሽባው፣ ስለ ቁራሹ፣ ስለ አውራ ጣቷ ጠባሳ፣ አባዬ ከመኝታ ቤቱ ይል ስለ ነበረው። ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ።

«ደህና ናት» አልኋት። «ሳላውቀው ተነክቶብኝ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ክው አደረግሽኝ እኮ! በይ ተኚ።» ዘጋችው።

የበእምነት መኖር መምህርቷ፣ በሁዳዴ፣ ያውም በዕለተ ሰንበት፣ ዋሸች። ዓሣውን በልቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።