በእሸት ቡና ወቅት የተዘጋ ፕሮግራም

በጅማ ከተማ የምንኖር አራት ሰዎች፣ ከመደበኛ ሥራችን ውጭ ባለን ጊዜ፣ የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ከገበሬው የሚረከቡትን እሸት ቡና የሚመዘግቡበት ትንሽ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም እንሠራለን። ፕሮግራሙ የገበሬውን ስም፣ የቡናውን ኪሎና የዕለቱን ዋጋ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ ማታ ደግሞ ድምሩን ያወጣል። በመግለጫው ላይ «በዊንዶውስና በሊኑክስ ይሠራል» የሚል አንድ መስመር ነበረ (ሁለቱም ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሱ ሥርዓቶች ናቸው)፤ በ2017 ዓ.ም. የለቀማ ወቅት መግቢያ ላይ ያ መስመር ምን ያህል ሳናስብበት የተጻፈ እንደሆነ ተረዳን።

ፕሮግራሙ የተጻፈው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ 3.8ኛ እትም ነበር። የዚህ እትም የድጋፍ ዘመን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ስላበቃ ወደ አዲስ እትም እንሻገር የሚለውን ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ በዊንዶውስ 7 ላይ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። የፓይተን አዘጋጆች ደንብ ግልጽ ነው፤ አዲስ እትም በሚወጣበት ጊዜ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቋረጠበትን ዊንዶውስ እነርሱም ይተዉታል፤ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አብቅቷል። «ከእኛ ተጠቃሚዎች ውስጥ ዊንዶውስ 7 ያለው ይኖራል?» ብለን ተጠያየቅን። ፕሮግራሙ ስለ ተጠቃሚው ምንም መረጃ ወደ እኛ ስለማይልክ (ይህን ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ አሁንም አልጸጸትበትም) መልሱን የፈለግነው ስሕተት ሲያገኙ ከሚጽፉልን ሰዎች ዘንድ ነበር። እነርሱ ግን እንደ እኛው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የጫኑ ወይም አዲስ ላፕቶፕ የያዙ የኮምፒውተር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ማንም የለም ብለን ደመደምን፤ በለውጦቹ ዝርዝር ግርጌ «ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ» ብለን ጽፈን አዲሱን እትም አወጣን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአጋሮ አቅጣጫ ካለ አንድ ጣቢያ ስልክ ተደወለልኝ። አንድ የጥገና ባለሙያ አዲሱን እትም በፍላሽ አምጥቶ ጭኖላቸው ሄዷል፤ በማግሥቱ ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። መዝጋቢዋ በስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት ፊደል በፊደል አነበበችልኝ፤ ፕሮግራሞች ከዊንዶውስ የሚዋሱት አንድ የዲኤልኤል ፋይል ጎድሏል ይላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ብቻ የሚገኝ ፋይል መሆኑን ስለማውቅ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 እንደሆነ ወዲያውኑ ገባኝ። «ወንድሜ፣ ገበሬው ቡናውን ጭኖ በር ላይ ቆሟል፤ እኔ ምን ልበለው?» አለችኝ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መብላላት ስለሚጀምር ነገ ተመለሱ ማለት አይቻልም። በወረቀት መዝግቢ፣ የቀድሞውን እትም መልሳችሁ ጫኑ አልኋት።

ምክሬ ነገሩን አባባሰው። ጣቢያው ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት፤ አንዱ ሚዛኑ አጠገብ፣ ሌላው ዊንዶውስ 10 ያለበት ቢሮ ውስጥ፤ የመዝገቡን ፋይል በፍላሽ ያመላልሱታል። አዲሱ እትም የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ተከፍቶ የፋይሉን ሠንጠረዦች ወደ አዲስ አደረጃጀት ቀይሯቸው ነበር፤ መልሰው የጫኑት የቀድሞው እትም ደግሞ ያንን ፋይል ማንበብ አልቻለም። ያንን የሠንጠረዥ ለውጥ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ፋይሉ ከመቀየሩ በፊት ቅጂ እንዲያስቀምጥ አላደረግሁትም። በማግሥቱ ማለዳ በሚኒባስ ወደዚያው ሄድሁ፤ ሠንጠረዦቹን በእጄ ወደ ነበሩበት ስመልስና የወረቀቱን መዝገብ ከመዝጋቢዋ ጋር ስናስገባ መሸብን። እርሷ ስሞቹን ስታነብልኝ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ክርክር ረጅም ነበር። አንደኛው ባልደረባችን ዊንዶውስ 7ን ለዘለቄታው እንደግፍ አለ። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ጊትሃብ በነፃ በሚሰጠን የመፈተኛ ማሽኖች ውስጥ ግን ዊንዶውስ 7 የለም፤ የምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎችም (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ የኮድ ክፍሎች) አንድ በአንድ ፓይተን 3.8ን እየተዉ ነው። ሌላዋ ባልደረባችን በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ እንጫን ስትል፣ የደረሰኝ ማተሚያው ሾፌር (ማተሚያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ መሆኑን አስታወስናት። የሚዛኑ ኮምፒውተር ባለ 32 ቢት (የቆየ የኮምፒውተር ዓይነት) መሆኑም ሌላ ችግር ነበር፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እንኳ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለእንዲህ ያለው ማሽን መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። እኔ በበኩሌ «ይሠራል» እና «እንደግፋለን» የሚሉትን ቃላት ለሁለት ዓመት እያምታታን እንደጻፍን ተከራከርሁ። የመጀመሪያው አንድ ቀን ሞክረነው ተከፈተ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከእኛ አንዱ እያንዳንዱን እትም በዚያ ኮምፒውተር ላይ ይፈትናል፣ ሲበላሽም ያስተካክላል የሚል ቃል ኪዳን ነው።

በመጨረሻ የቀድሞውን እትም እስከ ለቀማው መጨረሻ ብቻ፣ ያውም መዝገብ የሚያጠፋ ስሕተት ከተገኘ ብቻ ልናርም ወሰንን፤ ለመፈተኛ የሚሆን አሮጌ ኮምፒውተርም ገዛን። መጫኛው አሁን ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት የዊንዶውሱን ዓይነት ያያል፤ የማይስማማ ከሆነ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ምክንያቱን ገልጾ ያቆማል። ፋይሉንም ሳይገለብጥ አይቀይርም። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን ደብተር ነው፤ ለምናውቃቸው ጣቢያዎች ሁሉ እየደወልን የትኛው ኮምፒውተር የት እንደተቀመጠና ምን እንደተጫነበት መዘገብን።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ ያንኑ ደብተር አወጣን። የመጀመሪያው ቁጥር የአጋሮዋ መዝጋቢ ነበር። ስሜን ስነግራት ሰላምታ ሳትጨርስ፣ «ዘንድሮስ የትኛውን ልትዘጉብኝ ነው?» አለችኝ።