የሩትን ፓስዎርድ ከየሰው እጅ የሰበሰብኩበት መንገድ

የምሠራበት ድርጅት ሰርቨር ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ነው። ስረከበው የሩትን (root)፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ የሚችለውን ዋና አካውንት፣ ፓስዎርድ የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። «ፕሪንተሩ ቀጥ ሲል ማንን እንጠብቅ?» አለችኝ ገንዘብ ያዧ። ልክ ናት። ስለዚህ ፓስዎርዱን ከመንካቴ በፊት ማን በሩት ምን እንደሚሠራ ዞሬ ጠየቅሁ። እሷ የፕሪንት ሰርቪሱን ታስነሳለች፤ የሒሳብ ሰዎች የጋራ ፎልደር ይከፍታሉ። አለቀ! ለዚህ ሩት መሆን ምን ያደርጋል?

ለሒሳብ ክፍል ግሩፕ ከፈትኩ። በዩዘርሞድ (usermod) ትእዛዝ ሰው ስትጨምሩ ትልቁ ጂ (-G) ብቻውን አይበቃም፤ ትንሿ ኤ (-a) ካልታከለችበት ተጠቃሚውን ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖች ጠራርጎ ያስወጣዋል። የፎልደሩን ፈቃድ 2770 አደረግሁት፤ የፊቷ 2 አዲስ ፋይል የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ታደርጋለች። ዩማስኩ (umask፣ ከአዲስ ፋይል ላይ የሚቀነሰው ፈቃድ) 022 ከሆነ ግን ባልደረባ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ 002 ይሁን። የተጨመረው ሰው ወጥቶ ካልገባ ለውጡን አያየውም።

ዋናው ጣጣ ሱዶ (sudo) ላይ ነው፤ የተመረጠ ትእዛዝ በሩት ሥልጣን ለማስኬድ የሚፈቅደው እሱ ነው። የደንብ ፋይሉን ሁልጊዜ በቪሱዶ (visudo) ክፈቱ፤ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ሳይቀመጥ ይነግራችኋል። ለገንዘብ ያዧ የፈቀድኩት አንድ መስመር ነው፦ የፕሪንት ሰርቪሱን ከፕስን (CUPS) በሲስተምሲቲኤል (systemctl) ሪስታርት ማድረግ፣ የትእዛዙ ሙሉ አድራሻ ተጽፎ፣ ኮከብ ምልክት ሳይገባበት። «ኮንፊግ ላርም፣ ቪም ፍቀድልኝ» ያለም ነበር። ቪም (የጽሑፍ ማረሚያው) በሱዶ ከተፈቀደ ከውስጡ ሼል (የትእዛዝ መስኮት) ከፍቶ ሩት መሆን ይቻላል፤ የሚያርመውን ፋይል ለይቼ ማረሚያውን ያለ ሩት ሥልጣን በሚከፍተው በሱዶኤዲት (sudoedit) ሰጠሁት። የሱዶ ደንቦች በሚቀመጡበት ሱዶአርስ ዲ (sudoers.d) ፎልደር ውስጥ ደግሞ ስሙ ነጥብ ያለበት ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል። «ካሼር.ኮንፍ» ካላችሁት መስመሩ ልክ ሆኖም አይሠራም፤ ማስጠንቀቂያም የለው። «ካሼር» ብቻ በሉት። ሁለት መስመር ከተጋጨ የሚጸናው የኋለኛው ነውና ጠቅላላውን ከላይ፣ ዝርዝሩን ከታች አድርጉ።

ይህን ሁሉ ስሞክር ሌላ የሩት መስኮት ክፍት ትቼ ነበር። የሩትን ፓስዎርድ የቆለፍኩት ሁሉም በየራሱ ፓስዎርድ ሥራውን መሥራቱን ካየሁ በኋላ ነው። አሁን ፕሪንተሩን ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንዳስነሳው ኦዝ ሎግ (auth.log) በተባለው መዝገብ ላይ ይገኛል።

ሠራተኛ ሲለቅ ፓስዎርዱን መቆለፍ ብቻውን በር አይዘጋም፤ የኤስኤስኤች (SSH፣ ከርቀት መግቢያ) ቁልፍ ካለው ያለ ፓስዎርድ ይገባል። እኔ አካውንቱን ራሱን ጊዜው ያለፈበት አደርገዋለሁ።