«ጠጪ፣ ጠጪ» እያሉ ሆስፒታል አስገቡኝ

እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ማራቶን ለመሮጥ የተዘጋጀሁት እንደማንኛውም ሰው ነው። ጫማ ገዛሁ፤ ከሥራ በፊት በፖቶማክ ወንዝ ዳር ሮጥኩ፤ ረጅሙን ርቀት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሸፈንኩ። ስለዚህ የሚጽፍ ሞልቷል። ስለ ውሃው ግን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ከመሮጫ ቁጥሩ ጋር የተሰጠን ወረቀት «ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ አንድም የውሃ ጣቢያ አትለፉ» ይላል። የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። ቀኑ ቀዝቃዛ ነበር፤ እኔም ከአምስት ሰዓት በታች የማልጨርስ ዘገምተኛ ሯጭ ነኝ። በየጣቢያው ሁለት ሁለት ኩባያ ጨለጥኩ። ግማሹን ካለፍኩ በኋላ ሆዴ በውሃ እንደተሞላ ቅል ይንቦጫቦጭ ጀመር። ጣቶቼ አበጡ፤ ራሴን አመመኝ፤ አቅለሸለሸኝ።

ወደ ሕክምናው ድንኳን ገባሁ። የተቀበለኝ ወጣት ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ድርቀት ነው» አለ። ውሃ ሆዴ ውስጥ እየተላወሰ ድርቀት! በየጣቢያው ስጠጣ መምጣቴን ነገርኩት። «ሁሉም እንደዚያ ይላል» ብሎ ጠርሙስ አስጨበጠኝ፤ እስክጨርሰውም አጠገቤ ቆመ። አልመዘነኝም። ስንት ኩባያ እንደጠጣሁ፣ ሽንት ከሸናሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አልጠየቀኝም። ሳስመልስ ደግሞ ለድርቀቱ ተጨማሪ ማስረጃ ያገኘ ይመስል ሁለተኛ ጠርሙስ ከፈተ! ኃላፊዋ ተጠራች፤ እሷም ከበሩ ላይ ሆና ግሉኮስ ይሰቀልላት አለች። ያን ጊዜ ቃላት ይጠፉብኝ ጀምሮ ነበር፤ የቤቴን አድራሻ ሲጠይቁኝ መመለስ አቃተኝ። ልትቀበለኝ መጥታ የነበረችው ጓደኛዬ ከሰዎቹ ጋር ተጨቃጭቃ፣ ግሉኮሱ ሳይሰቀል በመኪናዋ ይዛኝ ሄደች። እስከ ዛሬ የምመርቃት ለዚህ ነው።

ሆስፒታል የተቀበሉኝ ነርስ የአገሬ ሰው፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። «የእኔ ልጅ፣ እስቲ ቀለበትሽን አውልቂው» አሉኝ። አልወጣም። «ስንት ውሃ ጠጣሽ?» ቀጠሉ። መልሴን ጓደኛዬ ጨረሰችልኝ። ደሜ ሲመረመር ሶዲየሙ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው ጨው፣ 126 ሆኖ ተገኘ፤ ጤናማው ከ135 እስከ 145 ነው። ጨው የበዛበት ፈሳሽ በደም ሥሬ ተሰጠኝ፤ ውሃ ተከለከልኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሰጡኝ ተቃራኒውን ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ረጅም ሩጫ ላይ ያለ ሰውነት ውሃ የሚያስቀር ሆርሞን ስለሚያመነጭ ኩላሊት ትርፉን በጊዜ አያስወጣም። ደም ይቀጥናል፤ ውሃው ወደ ሕዋሳት ይገባል፤ አንጎል ያብጣል። ሰው ይሞትበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶ የሚሆኑት ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ጥናቱ በ2005 ታትሟል። ከሁሉም በላይ ተጋላጭ የነበሩት ሲሮጡ ክብደት የጨመሩት ናቸው። በአንጻሩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2009 ዱባይ ላይ ሲያሸንፍ ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ቀንሶ ነበር። ኃይሌን ምሰሉ አልልም፤ ትንሽ ክብደት መቀነስ ግን በሽታ አይደለም።

ለአዘጋጆቹ ጻፍኩ። «ስለተሳትፎዎ እናመሰግናለን» ከሚል ደብዳቤ ጋር ያንኑ ወረቀት አያይዘው ላኩልኝ።

ስለዚህ የእኔን ምክር ስሙ፤ ወረቀቱ ሌላ ቢልም። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ካልጠማችሁ ጣቢያውን እለፉ፤ ኩባያ የዘረጋው ልጅ አይቀየምም። የስፖርት መጠጥ ከዚህ ያድናል የሚለውን አትመኑ፤ ያለው ሶዲየም ከደማችን በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ አብዝቶ ለጠጣው እሱም ያው ውሃ ነው። በሩጫ ቀን አይቡፕሮፌን አትዋጡ፤ ኩላሊትን ያስቸግራል። ዱባይ ወይም ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ የምትሮጡ ግን ይህን አንብባችሁ ውሃ እንዳትተዉ፤ እዚያ በአንድ ሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊወጣ ይችላል፤ ድርቀቱም እውነተኛ ነው።

ልኩን የሚያሳየው ሚዛን ነው። ልብስ ሳትለብሱ ተመዘኑ፤ አንድ ሰዓት ሮጡ፤ ላባችሁን ጠርጋችሁ እንደገና ተመዘኑ። ግማሽ ኪሎ ቀንሳችሁ በመንገድ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ከጠጣችሁ፣ ላባችሁ በሰዓት ወደ 800 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ምንም ምክንያት አያስጠጣም። እኔ በዚያ ቅዝቃዜ የዚህን እጥፍ ሳልጠጣ አልቀርም። አሁን ከሩጫ በኋላ ጨው ጣል የተደረገበት በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ድንኳን ከገባሁም የመጀመሪያ ቃሌ «መዝኑኝ፣ ሶዲየሜንም ለኩ» ነው። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።