የፍላንጅ ጥናቴ፦ አማላዩ 6 ኢንች

ሰላም ወገን። የፍላንጅ (ቧንቧዎችን በቡሎን የሚያጋጥመው ባለ ቀዳዳ ክብ ጠርዝ) ስታንዳርዶችን ማጥናቴን ቀጥያለሁ። የአሜሪካውን፣ የአውሮፓውንና የጃፓኑን ለማጋጠም ለምታስቡ፣ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

የ4 ኢንች ቧንቧ ፍላንጅ ብዙ አያስቸግርም። ሦስቱም 8 ቀዳዳ አላቸው፤ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ግን ይለያያል። የክቡ ዲያሜትር በአሜሪካው ክላስ 150፦ 190.5 ሚሊ ሜትር፣ በአውሮፓው ፒኤን 16፦ 180፣ በጃፓኑ 10ኬ፦ 175 ነው (ክላስ፣ ፒኤንና ኬ የግፊት ደረጃ መጠሪያዎች ናቸው)። አይገጥሙም፣ አለቀ። 3 ኢንች ላይማ በዓይን ይታያል፤ የአሜሪካው 4 ቀዳዳ ሲሆን ሌሎቹ 8 ናቸው።

የሚያማልለው 6 ኢንች ነው። የክቡ ዲያሜትር በክላስ 150፦ 241.3፣ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ 240 ሚሊ ሜትር። ሁሉም ባለ 8 ቀዳዳ። ቀዳዳው ከቡሎኑ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ልዩነቷ አትሰማም፤ ቡሎኑ ሰተት ብሎ ይገባል። እዚህ ላይ ዳዶ ከማጥበቃችሁ በፊት ቆም በሉ።

መጀመሪያ ግፊቱን እዩ። የክላስ 150 ቁጥር ባር (የግፊት መለኪያ) አይደለም። የተለመደው የካርበን ብረት ፍላንጅ በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 19.6 ባር ይችላል፤ በ200 ዲግሪ ግን 13.8 ብቻ። ፒኤን 16 በተለመደው ሙቀት 16 ባር ነው፤ እሱም ሲሞቅ ይቀንሳል። መጋጠሚያው የሚችለው ደካማው የሚችለውን ያህል ነው። ጋስኬቱ (በሁለቱ ፍላንጆች መካከል ገብቶ ፍሳሽ የሚከላከለው) የሚያርፍበት ከፍ ያለው ፊትም ስፋቱ እኩል አይደለም። የጃፓኑ ቧንቧ ደግሞ የውጭ ዲያሜትሩ 165.2 ነው፤ የሌሎቹ 168.3። ብየዳ ላይ ይህ ያስቸግራል።

በጣም የምፈራው የካስት አይረኑን (ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ፣ ተሰባሪ ብረት) ነው። የካስት አይረን ክላስ 125 እና የብረቱ ክላስ 150 ቀዳዳቸው አንድ ነው። ግን ካስት አይረኑ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ከፍ ያለ ፊት ካለው ብረት ጋር ስታጠብቁት ጠርዙ ላይ ይታጠፋል፤ ካስት አይረን ደግሞ መታጠፍ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። የብረቱንም ፊት ጠፍጣፋ አድርጎ መላ ፊቱን የሚሸፍን ጋስኬት ማድረግ ይሻላል።

ለእኔ ንጹሑ መፍትሔ አጭር ቧንቧ ነው፦ በአንዱ ጫፍ የአንዱ ስታንዳርድ ፍላንጅ፣ በሌላው ጫፍ የሌላው። ያኔ ሁለቱም መጋጠሚያዎች በየራሳቸው ስታንዳርድ ይሠራሉ።

ምልክቱ የጠፋ ፍላንጅ ካጋጠማችሁ፣ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ትይዩው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ለኩ። የክቡን ዲያሜትር ቀጥታ ታገኛላችሁ፤ መሃሉን መፈለግ አያስፈልግም።

አሁን ከ24 ኢንች በላይ ያሉትን ጀምሬያለሁ። እዚያ የአሜሪካው ስታንዳርድ ራሱ ሲሪስ ኤ እና ሲሪስ ቢ ተብሎ ይከፈላል፤ ሁለቱም እርስ በርስ አይገጥሙም።