«ከሌሊቱ ሥራ ምን ቀረ?»

የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ ነርስ ሆኜ ስመደብ የሌሊት ተረኞች ለቀን ተረኞች የሚያደርጉት የጠዋት ርክክብ አጭር ነበር። መድኃኒት ተሰጥቷል፣ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ) ተለክቷል፣ አዲስ የገቡት እነዚህ ናቸው፤ በቃ። ስላልተሠራው የሚጠይቅ ስላልነበረ የሚናገርም አልነበረም።

አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ቢያትሪስ ካሊሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው ጥናት ነርሶች ሳይሠሩት የሚያልፉትን ዘርዝራለች፦ በሽተኛን ማራመድ፣ ማገላበጥ (ተኝቶ ብዙ ሲቆይ ቆዳው እንዳይቆስል ጎኑን መቀየር)፣ በሰዓቱ መመገብ፣ ማስተማር፣ ማጽናናት፣ ንጽሕናውን መጠበቅ፣ የገባና የወጣ ፈሳሽ መመዝገብ። የኛንም ዋርድ ይገልጻል። መርፌ ብዙ ጊዜ አይረሳም፤ ሐኪሙ በራውንድ፣ በሽተኞቹን ዞሮ ሲያይ፣ ይጠይቃል። ማገላበጥን ግን ኃላፊዋ ካልጠየቀች ማንም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ቻርቶቹን አገላበጥኩ። በደቂቃ የሚተነፍሱት ቁጥር ከአልጋ አልጋ 20፣ 20፣ 20 ይላል፤ ሳይቆጠር የተጻፈ ይመስላል። ማንንም አልተቆጣሁም። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ጀማሪ ነርስ ጋር በሽተኛው አጠገብ ቆመን ሙሉ አንድ ደቂቃ እንቆጥር ጀመር። 20 ተብሎ የተጻፈላቸው አንዲት እናት 36 ሲተነፍሱ አገኘናቸው፤ ወዲያው ሐኪም ተጠራ፣ ኦክሲጅን ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ትንፋሽ ቆጠራ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

ቀጥሎ በርክክብ ላይ «ከሌሊቱ ሥራ ምን ቀረ?» ማለት ጀመርኩ። ዝም አሉ። መልሱ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ የሚመጣባቸው መስሏቸው ነው። እንደማይመጣ ብነግራቸውም ያመኑኝ በኋላ ነው። አንዷ ተረኛ «ሲስተር፣ ደም ላመጣ ደም ባንክ ሄጄ ስለቆየሁ ማንንም አላገላበጥኩም» አለች። ጉዳዩን ይዤ የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ ሜትሮኗ ቢሮ ገባሁ። በ9 የአውሮፓ አገሮች የተሠራውን ጥናትም ይዤ ነበር፦ ያልተሠራ እንክብካቤ በ10 በመቶ ሲጨምር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት በሽተኛ ሆስፒታል በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ16 በመቶ ከፍ ይላል። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ለሌሊት ራነር፣ እንደ ደም ማምጣት ላለው ሥራ የሚላላክ ሠራተኛ፣ ተመደበልን። ነርሶቹ የተናገሩት ነገር መፍትሔ እንደሚያመጣ ሲያዩ አፋቸው ተፈታ።

የሥራ ክፍፍሉንም ቀየርኩ። ድሮ አንዷ መርፌ፣ አንዷ ቫይታል ሳይን፣ አንዷ አልጋ ማንጠፍ ነበር፤ በዚህ አሠራር ሰውዬው የማንም አይደለም። አሁን እያንዳንዷ ነርስ የራሷ በሽተኞች አሏት፤ ሳይሠራ ስለቀረውም መልስ የምትሰጠው እሷ ናት።

የአስታማሚ ነገር ከሁሉም ያሳስበኛል። ስትሮክ የመታቸውን አባቷን የምታስታምም ልጅ ነበረች፤ ቀንም ሌትም አትለይም። በየሁለት ሰዓቱ ግራ፣ ጀርባ፣ ቀኝ እያልን እንዴት እንደሚዞሩ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ትራሱ የት እንደሚገባ አሳየናት። ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት አልጋው ራስጌ ተለጠፈ፤ የሚፈርምበት ግን ነርስ ነው። በየፈረቃው ቆዳቸውን ገልጦ የሚያይም ነርስ ነው። ቤተሰብ ያግዛል፤ ኃላፊነቱ ግን የኛ ነው። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉም በፊት ይመደባል።

የሰው እጥረቱ አልተፈታም። ሌሊት ሁለት ነርስ ብቻ የሚገባበት ቀን አለ። በእንዲህ ያለው ቀን ከመውጣቴ በፊት ምን ሊቆይ እንደሚችል ከተረኞቹ ጋር ተነጋግረን እንጽፋለን፦ አንሶላ መቀየር፣ ካልቆሸሸ፣ ይቆያል፤ ፋይል ማስተካከል ይቆያል፤ ማገላበጥ፣ ትንፋሽ መቁጠርና በቱቦ የሚመገቡትን መመገብ አይቆዩም። ወረቀቱ ላይ እኔም እፈርማለሁ።