አጎቴ፣ ጭልፊቶቹና የሸክላዋ ርግብ

ደንገጎ ላይ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጃኬቴን አወለቅኩ። ትንሽ ወረድ ስንል ሹራቤን። ድሬዳዋ ስንገባ በካናቴራ ቀርቼ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሳይነጋ ነው፤ የደረስነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ። ስለ አውቶቡሱ ብዙ አላወራም። አንዱን ፊልም ሦስት ጊዜ አሳዩን፤ ይኸው ነው።

የሄድኩት አጎቴን ልጠይቅ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኩዌት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ ተመልሶ ለገሀሬ ቤት ይዟል። እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ከቤተሰቡ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አያቴ ለጎረቤት «ወታደር ቤት ነው» ትል ነበር፤ ስልክ ሲደውል ከጀርባው ተኩስ ስለምትሰማ። እናቴ ደግሞ «ሸክላ ቤት» ትላለች። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ግን ጨርሰው አልሳቱም። አጎቴ የተኩስ ክለብ ሠራተኛ ነበር። ሥራው ሸክላ ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥሩ ማሽኖችን ማጉረስ ነው። ባለገንዘቦቹ ይተኩሳሉ፣ እሱ ያጎርሳል።

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት?» ስለው ሳቀብኝ።

«አቦ! አንቱታህን ደንገጎ ላይ አራግፈህ መምጣት ነበረብህ።»

ድሬ እንዲህ ናት። ከዚያ በኋላ እኔም «አንተ» ማለት ጀመርኩ። እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።

ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ አክስቴ ቡና እየቆላች ተቀመጥን። አጎቴ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ሲፈታው ብርቱካንማ ሳህን ነገር ነው። መጀመሪያ የሲጋራ መተርኮሻ መስሎኝ ነበር።

«ይቺ ናት የሸክላ ርግብ የሚሏት» አለ።

ተቀብዬ አገላበጥኳት። ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር 110 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 105 ግራም ገደማ ነው። ላይዋ ቀለም ተቀብቷል፣ ሆዷ ግን ጥቁር ነው። ጠርዟ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይዞራል። በጥፍሬ ቧጠጥ ሳደርጋት ጥቁር ዱቄት ተከተለኝ። አሸተትኳት። ትናንት የተነጠፈ አስፋልት ትሸታለች።

«ሸክላ ስሟ ብቻ ነው» አለ አጎቴ። «የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሬንጅ ናት። ሬንጅ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ለዚህ ነው ድሬ ላይ አልጋ ሥር የማኖራት።»

«አንድ ብቻ ነው ያመጣኸው?»

«ሁለት ነበሩ። አንዷን ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ከእጄ ጣልኳት። በቀን ስንትና ስንት ሲሰበር እያየሁ የኖርኩ ሰውዬ፣ ለሷ አዘንኩ።»

ርግብ የሚለው ስም ከየት መጣ ብትሉ፣ በፊት የሚተኮሰው እውነተኛ ርግብ ስለነበር ነው። በ1900 የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በሕይወት ያለ ርግብ እየተለቀቀ ተተኩሷል፤ ወደ 300 የሚጠጋ አልቋል። አጎቴ ይህን ሲናገር አክስቴ መቁያውን አቁማ አማተበች። «ርግብ? ምነው የሚበላ ወፍ ጠፋ?» ሰዎቹ ግን ምትክ ፍለጋ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። አንድ ሰሞን የመስታወት ኳስ ይወረወር ነበር። ከዚያ በ1880 ሊጎውስኪ የሚባል የአሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ሰው ከእውነተኛ ሸክላ የተሠራች ጠፍጣፋ ዒላማ አወጣ። የሱ ሸክላ በጣም ጠንካራ ስለነበረች አልሰበር እያለች አስቸገረች። ኖራና ሬንጁ የመጣው በኋላ ነው። ስሙ ግን ሸክላ እንደተባለ ቀረ።

«ስኪት የሚባለው የሸክላ ተኩስስ ምንድን ነው?» አልኩት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

አጎቴ ከረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ምንጣፉ ላይ በግማሽ ክብ ይደረድራቸው ጀመር። ሲኒው ስድስት ነው። የስኪት ሜዳ ግማሽ ክብ ላይ ግን ሰባት መቆሚያ አለ። ሰባተኛው የስኳር ዕቃው ሆነ። ስምንተኛው መቆሚያ መሀል ላይ ነው፤ እዚያ ማንኪያ አጋደመ። በግራ ጫፍ ጀበናውን፣ በቀኝ ጫፍ የዕጣን ማጨሻውን አቆመ።

«ጀበናው ላይኛው ቤት ነው። ሸክላዋ ከሦስት ሜትር ከፍታ ትወጣለች። ማጨሻው ታችኛው ቤት ነው። ከዚያ ስትወጣ ከመሬት አንድ ሜትር ቢሆን ነው። የሁለቱም መንገድ ሁልጊዜ ያው ነው። አይለወጥም። የምትለወጠው አንተ ነህ። ከሲኒ ወደ ሲኒ እየሄድክ ያችኑ ወፍ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ስትሸሽህ ትተኩሳለህ። አንዳንዴ ከሁለቱም ቤት አንድ ላይ ይለቁብሃል። ሃያ አምስት ሸክላ አንድ ዙር ነው።»

«ጀበናዬን ከላይኛው ቤት አውርድልኝ» አለች አክስቴ። «ቡናው ሊወጣ ነው።»

ግማሽ ክብ የሆነበት ምክንያት ደስ ይላል። ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው፤ በ1920 አካባቢ። ቻርልስ ዴቪስ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ለአደን መለማመጃ ብሎ ሙሉ ክብ ዘረጋ። እንደ ሰዓት ቁጥር እየዞሩ ይተኩሳሉ። ከዚያ ጎረቤት ዶሮ እርባታ ከፈተ። የጥይቱ እርሳስ ዶሮዎቹ ላይ እንዳይዘንብ ክቡን ለሁለት ቆረጡና ከማዶ ሁለተኛ ማሽን ተከሉ። በዶሮ ምክንያት ኦሎምፒክ የገባ ስፖርት ሌላ ያለ አይመስለኝም። «ስኪት» የሚለው ስም እንኳ የወጣው በ1926 በመጽሔት ውድድር ነው። ሽልማቱ 100 ዶላር ነበር።

ቡናው እስኪቀዳ አጎቴ መጥረጊያ አንስቶ ተነሳ። ጫፉን ወገቡ ላይ አስደገፈ።

«በኦሎምፒኩ ደንብ ሰደፉ ትከሻህ ላይ አይጠብቅም። እዚህ ታች ነው የሚሆነው። ኮትህ ላይ ቢጫ መስመር ይሰፋልሃል፣ ዳኛው ያንን ነው የሚያየው። ትጣራለህ። ሸክላዋ ወዲያው ልትወጣ ትችላለች፣ ወይ እስከ ሦስት ሰከንድ ልታስጠብቅህ ትችላለች። ማሽኑ እንጂ አንተ አታውቅም። ስታያት ብቻ ነው ሰደፉን የምታነሳው።»

መጥረጊያውን ብድግ አድርጎ በሌለች ሸክላ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረው። ቃታውን ከሳበ በኋላም መጥረጊያው አልቆመም፤ እስከ አጥሩ ሄደ።

«አየህ? አላቆምኩትም። አዲስ ሰው ወፏን ያገኛታል፣ ከዚያ ቆም ብሎ ያነጣጥራል፣ ከዚያ ይስታታል። ሁልጊዜ ከኋላዋ ነው የሚስታት። እርሳሱ ከሃያ ሜትር እስኪደርስ እኮ እሷ ከአንድ ሜትር በላይ ሄዳለች። ወፏን ከተኮስክ የነበረችበትን ነው የተኮስከው። ከፊቷ ባዶ አየር ነው መተኮስ ያለብህ። ባዶውን! ሰው ይህን ማመን አይፈልግም። ሐኪሙም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ ሁሉም ወፏን ነው የሚተኩሰው።»

ጥይቱ እንደ ክላሽ አንድ ፍሬ አይደለም። አንዱ ቀለህ ውስጥ 24 ግራም ድቃቂ እርሳስ አለ፣ በመቶዎች የሚቆጠር። ሲወጣ እንደ ወፍ መንጋ ተበትኖ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው እንቅስቃሴው ከማነጣጠሩ የሚበልጠው።

ትራፕ የሚባለው ሌላ ነው። እዚያ ሸክላዋ አትሻገርህም፤ ትሸሽሃለች። ከፊትህ ጉድጓድ ውስጥ አሥራ አምስት ማሽን ተቀብሯል፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደምትወጣ አታውቅም። አጎቴ ትራፕን ብዙም አይወድም። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው እሱ ስለነበረ ነው። በኩዌት ነሐሴ ኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ ሬንጅ እያሸተቱ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ሲነግረኝ ድሬ ቀዝቃዛ መሰለችኝ።

ማታ ስለ ተኳሾቹ አወራን። አብዱላህ አል ራሺዲ የሚባል ኩዌታዊ አለ። በ2016 ሪዮ ላይ ሀገሩ ታግዳ ስለነበር በራሱ ባንዲራ መወዳደር አልቻለም። የሀገሩንም ልብስ አይለብስም። ምን ለበሰ? የአርሰናል ማልያ! በዚያ ማልያ በስኪት ነሐስ ወሰደ። እኔ ዕድሜ ልኬን የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። ሰውዬው ቶኪዮ ላይም ነሐስ ደገመ፤ ያኔ ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ዓመት ነበር የቀረው። አጎቴ ስለሱ ሲያወራ ሜዳልያውን ለሁለት የተካፈሉት ይመስላል።

አክስቴን የማረካት ግን ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ናት። በ1992 ባርሴሎና ላይ ስኪት ወንድና ሴት ሳይለይ ነበር። እሷ ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ላይ ግን ውድድሩ ለወንዶች ብቻ ሆነ። የሴቶች ስኪት የመጣው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። አክስቴ ሦስተኛውን ቡና እየቀዳች «ታዲያስ!» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

በማግስቱ ጠዋት ፈጢራ በልተን በሚኒባስ ወደ ሐረር ወጣን። ስለ ጅቡ ትርኢት አልጽፍም፤ ሐረር የሄደ ሁሉ ጽፎታል። አጎቴም ለጅብ ግድ የለውም። በቀጥታ ጊድር መጋላ፣ ሥጋ ተራው ወሰደኝ።

ጭልፊቶቹ ጣሪያው ጫፍ ላይ ወረፋ እንደያዘ ሰው ተደርድረዋል። ከታች የግመል ሥጋ ይሸጣል። አንድ ወጣት በትንሽ ብር ቁራጭ ሥጋ ሰጠኝና «እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ» አለኝ። ዘረጋሁ። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተከልኩ። ይመጣል ብዬ የጠበቅኩት ከፊቴ ነው። ከኋላዬ አንድ ነገር ጆሮዬን በጥፊ አለኝ፤ ክንፉ ነው። ቀና ስል እጄ ባዶ ነው። ጣቴ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ኮፍያዬ ግን በርበሬ ሻጯ ሴትዮ ፊት ወድቋል። ሳቋን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ከዚያ ወጣቱ ራሱ ወደ ሰማይ ይወረውር ጀመር። ያኔ ነው አጎቴ ክንዴን የያዘኝ። «አሁን ሥጋውን አትይ፣ ወፉን እይ።»

አየሁ። ሥጋው ሲወጣ ጭልፊቱ ገና ጣሪያው ላይ ነው። ሥጋው ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ይነሳል። የሚበረው ግን ሥጋው ወዳለበት አይደለም። ወደ ታች፣ ምንም ወደሌለበት ነው። ሥጋውና ጥፍሩ እዚያ ይገናኛሉ። ከያዘም በኋላ አይቆምም፤ በያዘው ፍጥነት ቅስቱን አልፎ ይሄዳል። ስድስት ጊዜ ተወረወረ፣ አንዱ ብቻ መሬት ወደቀ። እሱንም ድመት ወሰደችው።

«ይሄ ወፍ ኩዌት ቢወለድ» አለ አጎቴ፣ «ብሔራዊ ቡድን ነበር።»

ስንመለስ አወዳይን አልፈን ሐረማያ ሳንደርስ «ወራጅ!» ብሎ ሚኒባሱን አስቆመ። ጥቅምት ነው። ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል፣ ራሱ ከብዶት ዘንበል ብሏል። አሥር ሰዓት ገደማ ስለሆነ ግሪሳ የሚበላበት ሰዓት ነው። ማሳው መሀል በእንጨት የተሠራ ማማ አለ። ማማው ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወንጭፍ ይዞ ቆሟል። አጎቴ ያውቀዋል፤ የወዳጁ ልጅ ነው። በኦሮምኛ ተጠራሩና ልጁ ወረደ።

አጎቴ ከማሳው ዳር የደረቀ ጓል እየለቀመ ክምር ሠራ። ከዚያ ደንቡን አስረዳ። ወንጭፉ ከወገብ በታች ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ልጁ «ሃይ!» ሲል አጎቴ ይወረውራል። ሲወረውር ግን ወዲያው አይደለም። አንዳንዴ ዝም ብሎ ያቆየዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልጁ ሳተ። ሦስተኛው ላይ አጎቴ ሲያስጠብቀው ተናደደና አንድ ነገር ጮኸበት። «ሌባ አለኝ» ብሎ ተረጎመልኝ፣ እየሳቀ። አራተኛው ጓል ከእጁ ሲወጣ ልጁ ወንጭፉን አንዴ ብቻ ነው ያዞረው። አንድ ዙር፣ ከዚያ እንደ ጅራፍ ጯ! ጓሉ አየር ላይ አቧራ ሆነ። ክንዱ ከለቀቀ በኋላም አልቆመም፤ ተሻግሮ ሌላው ትከሻው ላይ አረፈ። ከሰባት ሦስት መታ። የሚበር ነገርን ከፊቱ ጠብቆ መምታት ማንም አላስተማረውም፤ ቆሞ የሚጠብቀው ግሪሳ አጋጥሞት አያውቅማ።

እኔም ሞከርኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላዬ ሄደ። ሁለተኛው የት እንደሄደ አላውቅም፤ ወንጭፉ ራሱ ግን አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ በኋላ ጓል አቀባይ ሆንኩ።

ሲደክመን ማሳው ዳር ተቀመጥን። አጎቴ ከቦርሳው ጨርቁን አውጥቶ ፈታና ብርቱካንማዋን ሸክላ ለልጁ ሰጠው። ልጁ መዘናት። አሸተታት። እንደ መወርወር ብሎ ክንዱን ሲያነሳ አጎቴ ብድግ አለ። ልጁ ሳቀና አወረዳት። ከዚያ እያገላበጠ ጥያቄ ይጠይቅ ጀመር፣ አጎቴም ይመልሳል፣ ለእኔም ይተረጉማል።

«ዓረቦቹ የሚመቱት ይቺን ነው?»

«እሷን ነው።»

«ብዙ?»

«በአንድ ውድድር አንዱ ሰው ብቻ 125።»

ልጁ ዝም ብሎ አሰበ። ሸክላዋን ገልብጦ ጥቁር ሆዷን አየ።

«ማሽላ ትበላለች?»

«አትበላም አቦ፣ ሬንጅ ናት!»

«ታዲያ ምን አድርጋቸው ነው?»

አጎቴ መልሱን ሳያገኝ ከወዲያኛው ማሳ ግሪሳው ተነሳ። ልጁ ሸክላዋን ጭኔ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ማማው ሮጠ።