በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከአሌክሳንድሪያ ስንነሳ ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ተቀምጠዋል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ደብረ ታቦር አካባቢ ነው ያደጉት። ቨርጂኒያ ከመጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም ከቤተ ክርስቲያንና ከልጃቸው ቤት ውጭ የሚያውቁት ቦታ የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የጥንት ጠመንጃ ውድድር አለን፣ ና እይ» ሲለኝ ቀድመው የታወሱኝ እሳቸው ናቸው። አባታቸው ውጅግራ ነበራቸው። ጋሼ ስለዚያ ጠመንጃ ማውራት ከጀመሩ ቡናው ሦስተኛ ደርሶም አያባሩም።

መንገድ 7ን ይዘን በሊስበርግ አድርገን ወደ ምዕራብ ነዳን። ጥቅምት ስለሆነ ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ነው፤ ዊንቸስተር ስንደርስ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ፖም ይሸጣል። ይህች ከተማ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከ70 ጊዜ በላይ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተገላብጣለች ይባላል። ለጋሼ ስነግራቸው «ገበሬው መቼ አረሰ ታዲያ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፎርት ሸናንዶአ ስሙ ምሽግ ይባል እንጂ የተኩስ ሜዳ ነው። ባለቤቱ በ1950 የተመሠረተው የሰሜን-ደቡብ ስከርሚሽ ማኅበር ሲሆን (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አገር አቀፍ ውድድሩን በየዓመቱ በግንቦትና በጥቅምት እዚህ ያካሂዳል። ተወዳዳሪው የዚያን ጦርነት የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ ቡድኑም በዘመኑ በነበረ ክፍለ ጦር ስም ይጠራል። ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ግራጫ ለብሷል። ግራጫው ለባርነት የቆመው ወገን ልብስ መሆኑን ስለማውቅ መኪናዬን አቁሜ ስወርድ ሆዴ አልተረጋጋም። ሰዎቹ ግን በጨዋ ደንብ ተቀበሉን፣ ቡና ቀዱልን። ሁለቱም ስሜት እስከ እሁድ ማታ አብሮኝ ቆየ።

የባልደረባዬ ጠመንጃ የ1853ቱ ኤንፊልድ አምሳያ ነው። ጋሼ ተቀብለው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው መዘኑት፣ አፈሙዙን አዩ፣ ከዚያ ከኋላ በኩል የሚከፈት ነገር ፈለጉ። የለም። ባሩዱም አረሩም የሚገባው በአፉ ነው። «እንደ ሕፃን ሳያጎርሱት የማይበላ!» ብለው ሳቁ።

አጎራረሱን ከተኳሾቹ መስመር ጀርባ ቆመን አየን። ሰደፉን መሬት ያስይዛል። ከወገቡ አንድ ቱቦ ያወጣና 3 ግራም የምትሆን ጥቁር ባሩድ በአፈሙዙ ያፈሳል። ቀጥሎ አረሩን ያስገባል፤ በሰምና በሞራ የታሸ፣ ሥሩ እንደ ስኒ የተቦረቦረ እርሳስ ነው። አረሩ ከበርሜሉ ትንሽ ጠበብ ስለሚል ዘንጉ ሳይታገል ያወርደዋል፤ ባሩዱ ሲነድ ግን ቡርቡሩ ተለጥጦ የበርሜሉን ጥምዝ ይነክሳል። ሚኒዬ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ያወጣው ዘዴ ነው። ዘንጉን ይመልሳል፣ ጠመንጃውን ያነሳል፣ መምቻውን በከፊል ይስባል፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥል አንዲት የመዳብ ቆብ ከበርሜሉ ኋላ ባለችው ጡት ላይ ይሰካል፣ መምቻውን እስከ መጨረሻው ይስባል፣ ያነጣጥራል። ያኔ ነው ምላጩ የሚነካው።

በስልኬ ለካሁት። ከተኩስ እስከ ተኩስ 22 ሰከንድ።

ባልደረባዬ እረፍት ላይ እንግሊዞች ይህንኑ ጠመንጃ በ1866 ምን እንዳደረጉት ነገረን። ከኋላው ቆርጠው ጄከብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈውን ክዳን ገጠሙለት፤ ክዳኑን ገልበጥ፣ ቀለሁን ጨመር፣ ተኩስ። በደቂቃ አስር ያህል ይተኩሳል። ስተረጉምላቸው ጋሼ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ሰናድር ነዋ! መቅደላ የመጣው!»

እውነታቸውን ነው። የናፒየር ጦር ይዞት የመጣው እሱን ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት እየመራ ወደ እሮጌ ሜዳ ወረደ። ጦርና ጎራዴ ያልያዘው ወታደር የያዘው እንዲህ በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ገብርዬ እዚያው ወደቀ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት ሃያ ያህል ናቸው። በሦስተኛው ቀን ንጉሡም መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። እኔ ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ «ዘመናዊ መሣሪያ» የሚለውን ሐረግ ለፈተና ሸምድጄ ነበር። ስልኬ ላይ 22 ቁጥርን እስካይ ድረስ ግን ሐረጉ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። አንዱ ቆቡን ሳይሰካ ሌላው ሦስት ጊዜ ተኩሷል።

«ደግሞ ቁልቁል እየሮጡ» አሉ ጋሼ። «እየሮጡ እንዴት ያጎርሱታል?»

ከሰዓት በኋላ የሞርታር ውድድር አየን። 100 ያርድ ርቀት ላይ እንጨት ተተክሏል፤ ኳሷን ለእንጨቱ ይበልጥ ያስጠጋ ያሸንፋል። ኳሷ ቀስ ብላ ስለምትወጣ በዓይን ትከተላታለህ። ጋፋት የጋሼ ጎረቤት ነው፤ ሴባስቶፖል የተሠራበት። ከዚያ እስከ መቅደላ ሰባት ቶን ብረት በሰው ጉልበት መጎተቱን እያሰቡ ነው መሰል፣ አንድ ሰው ሞርታሩን ከነተሳቢው በፒክአፕ እየሳበ ሲያልፍ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሁድ ዋናው የሙስኬት ግጥሚያ ነው። ቡድኑ ስምንት ሰው ሲሆን ነጥብ የሚባል ነገር የለም፤ በ50ና በ100 ያርድ የተሰቀሉ የሸክላ ዲስኮችና ማሰሮዎች አሉ፣ ቀድሞ ሰባብሮ የጨረሰ አሸነፈ። ምልክቱ ሲሰጥ የመስመሩ ሰው ሁሉ በአንዴ ተኮሰ፤ ደረቴ ውስጥ ከበሮ የተመታ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እንደ በረዶ በቆርቆሮ ላይ፣ የፈጠነው ቀድሞ የዘገየው ኋላ። ነጩ ጭስ ነፋስ ስላልነበረ እዚያው ተኝቶ ቀረ፤ ማሰሮዎቹ ጠፉ፤ ተኳሾቹ ጎንበስ እያሉ ከጭሱ ሥር መፈለግ ያዙ። ከአጠገባችን አንዲት አሥራ ስድስት ዓመት የማትሞላ ልጅ ከእሷ ቁመት ብዙ በማያንስ ጠመንጃ ሁለት ማሰሮ በተከታታይ ስታፈርስ ጋሼ ሳያስቡት «እሰይ! የእኔ ጀግና!» ብለው ጮኹ። ዞራ ፈገግ አለች፤ ቃሉ ባይገባትም ድምፁ የገባት ይመስለኛል። የባልደረባዬ ቡድን አንዲት ማሰሮ እምቢ አለችውና ከጭራ በኩል ሆነ።

ከተኩሱ በኋላ እጥበት አለ፤ የወደድኩት እሱን ነው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ ካልታጠበ ብረቱን በአጭር ጊዜ ዝገት ይበላዋል። ስለዚህ በየድንኳኑ ውሃ ይፈላል፣ በርሜሉ ውስጥ ይፈሳል፣ እንደ ቀለም ጠቁሮ፣ የተበላሸ እንቁላል እየሸተተ ይወጣል። ጋሼ ጋቢያቸውን ለእኔ ሰጥተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘንጉን ያዙ። ባልደረባዬ እንዴት እንደሚታጠብ ሊያሳያቸው ጀምሮ ተወው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አልለቀቁትም።

ስንመለስ መሽቷል። መኪናው ባሩድ ባሩድ ይላል። ሊስበርግን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ የተኙ የመሰሉኝ ጋሼ ድንገት «ስንት ነበር ያልከኝ?» አሉ።

«ሃያ ሁለት ሰከንድ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠሩ ነበር።